ሳህኖቹን የሰበርንበት ፋሲካ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጎንደር ገጠር ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ ቂርያት መላኪ በምትባል ከተማ ውስጥ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ እሾህና ጠጠር የሞላው አንድ ባዶ ቦታ ነበረ። አያቴ አባባ ታደገ ተጥሎ ያገኙትን የበርሜል ግማሽ እዚያ አቁመው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳት ያነዱበት ነበር። እንጨቱን የሚያመጣው አባቴ ነው። ገዴራ አጠገብ ካለ የብርቱካን እርሻ ይሠራ ስለነበር፣ ዛፉ ሲከረከም የወደቀውን ቅርንጫፍ በገመድ አስሮ በሠራተኞች መኪና ይዞ ይመጣል። የብርቱካን እንጨት ጭስ ጣፋጭ ነው፤ ትንሽ የልጣጭ፣ ትንሽ የማር ሽታ አለው። ዛሬም በሥራዬ መሀል ያ ሽታ ሲመጣብኝ ቀና ብዬ አያቴን እፈልጋለሁ።

አባባ ታደገ በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እዚህ ግን ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ ገበሬ አልነበረም። እጃቸው ሥራ ሲያጣ አፋቸው ሥራ አገኘ። ያኔ በሕንፃው ያለን ልጆች ሁሉ፣ ከእኛ ወገን የሆነውም ያልሆነውም፣ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳችንን ጥለን ፍሙን ከብበን እንቀመጥ ነበር። ጨዋታቸው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ዕቃ፣ ይህ ልማድ፣ ይህ በዓል ከየት መጣ የሚል ነው። ከኪሳቸው አንድ ነገር ያወጡና ከፍ አድርገው ያሳዩናል።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከሱቅ!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

«የሱቅ ልጆች! ከሱቁ በፊትስ?»

ከሱቁ በፊት ያለውን እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚያውቁት። ወንፊት የአይጥ ሥራ ነው አሉን አንድ ቀን። ድሮ ሴቶች ዱቄቱን ከነሻካራው ነበር የሚያቦኩት። የአንዲትን ሴት ሰፌድ አይጥ ሌሊት ነክሳ ነክሳ ቀዳደደችባት። ጠዋት ዱቄት አድርጋ ብታነሣው ልሙ እንደ ጉም ከታች ወረደ፣ ሻካራው ከላይ ቀረ። አይጧን ልትገድል ዱላ ይዛ የተነሣችው ሴት ዱላውን ጥላ መረቀቻት። ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ሴት ነፍታ ስትጨርስ ጥቂት ዱቄት መሬት ላይ ትተዋለች፤ የአይጧ ድርሻ ነው። ይህን የሰማን ቀን እየሮጥን ቤት ገብተን የእናቶቻችንን ወንፊት እንደ አዲስ ዕቃ እያገላበጥን አየን።

ወናፍ ጥንድ የሆነው ደግሞ በሁለት ፍየሎች ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ቀጥቃጭ ወናፉ አንድ ብቻ ነበረና፣ አየር ሊስብ ባነሣው ቁጥር እሳቱ ይተኛበታል። ተናዶ ደጅ ሲወጣ ሁለት ፍየሎቹ ሲግጡ አየ፤ አንዱ ቀና ሲል አንዱ ይደፋል፣ አንዱ ሲደፋ አንዱ ቀና ይላል። ሣሩ ለአፍታም አያርፍም።

«ከዚያስ አባባ?» አለች ታላቅ እኅቴ ብርቄ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«ከዚያማ አረዳቸው። ወናፍ ከምን የሚሠራ መሰለሽ?»

ብርቄ አለቀሰች፤ እኛ ግን በሳቅ ወደቅን። ያኔ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይዘልብኝ ነበር። መንገድ ላይ ያየሁት ሁሉ፣ ማበጠሪያው፣ የበር ማጠፊያው፣ የሴቶች መቀነት፣ እያንዳንዱ በሆዱ ወሬ የቋጠረ መሰለኝ። የማያውቁትን ግን አባባ አይዋሹም። አንድ ጊዜ የፕላስቲክ ወንበር ከየት መጣ ብዬ ብጠይቃቸው ገለበጡት፣ በጣታቸው አንኳኩት፣ አሸተቱትና «ይህ ገና ልጅ ነው፤ ተረት አላበቀለም» አሉኝ።

ፋሲካ ሲቃረብ የተናገሩትን ግን ከሁሉ አብልጬ አስታውሳለሁ። እኛ አይሁዶች በአገራችን፣ ፋሲካ ከመግባቱ በፊት ዓመቱን ሙሉ የተበላበት የሸክላ ዕቃ ሁሉ ይሰበራል፤ ለበዓሉ አዲስ ይሠራል። ቄሶቹ በፋሲካ እርሾ ክልክል ነው፣ ሸክላ ደግሞ እርሾን ይጠጣል፣ ቢታጠብም አይለቅም ይላሉ። አባባ ግን ሌላ ምክንያት ነበራቸው። አባቶቻችን ከግብጽ በወጡባት ሌሊት አንዲት ሴት ለአሠሪዋ የምትቀቅልበትን ትልቅ ድስት በጀርባዋ አዝላ ወጣች። ዕቃዋ ነው፣ አሳዘናት። ሰው ሁሉ ይሮጣል፣ እሷ ከኋላ ቀረች። የሠረገላው ድምፅ ሲሰማ ትንሿ ልጇ ድንጋይ አንሥታ ከጀርባዋ ላይ ድስቱን ሰበረችው። እናቲቱ ልትመታት ዞረች፤ ወዲያው ወገቧ እንደቀለላት አወቀች፤ ልጇን አንጠልጥላ ሮጠች፣ ባሕሩንም ተሻገረች።

«ስለዚህ በየዓመቱ እንሰብራለን» አሉ አባባ። «የባርነት ወጥ የተሠራበት ድስት ነፃነትን አያበስልም።»

እናቴ ከበረንዳው ሆና ትሰማ ነበር። እሷ በአገር ቤት የታወቀች ሸክላ ሠሪ ናት። «እኔ የሰማሁት ሌላ ነው» አለች ቁልቁል። «ይህን ልማድ ያመጣች ሸክላ ሠሪ ናት፤ ገበያው ቀዝቅዞባት!»

«አንቺ ሴት፣ ፈጣሪን ፍሪ!» አሉ አባባ፣ ግን ከንፈራቸው ይስቅ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ፋሲካችን መጣ። እናቴ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቴን ከብርቱካኑ እርሻ ቀይ አፈር በጆንያ አስመጣችው። አፈሩ ያምራል፤ ሲረጥብ እንደ በርበሬ ይቀላል። በበረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ወጭቱን፣ ገበታውን፣ ትናንሽ ዋንጫዎችን ሠራች፤ ዐሥራ አራት ዕቃ። አባባ ደረቁን ዕቃ እየዳሰሱ «የአባቶቻችን አፈር ነው፤ እጅሽን ያውቀዋል» አሏት። ለበዓሉ አጎቴ ከነቤተሰቡ ከያቭኔ፣ አክስቴ ከገዴራ ሊመጡ ነው፤ ሃያ ሰው እንሆናለን።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት አባባ ታደገ ወደ ማድ ቤት ገብተው ዕቃችንን አንድ በአንድ መረመሩ። ያኔ የነበረን ዕቃ ሁሉ ስንመጣ ደግ ሰዎች የሰጡን ነው፤ ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው ነጫጭ ሳህኖች፣ ጎድጓዳ ሳህኖች፣ ስኒዎች። የብረት ድስቱን ወደ ጎን አደረጉት፤ ብረት በእሳት ይነጻል፣ ይህንንስ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል አሉ። ሳህኑን ግን በጥፍራቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ሸክላ ነው። ቀብተው አሳምረውት ነው እንጂ ሸክላ ነው።»

አባቴ ራሱን አከከ። «አባባ፣ መጀመሪያ አዲሱን በእሳት አውጥተን አሮጌውን ከዚያ ብንሰብረውስ?»

«አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ አይገባም። ያቺ ሴት አዲስ ድስት በእጇ ይዛ ነው እንዴ የሮጠችው?»

አባቴ ሣጥን ፈልጎ አመጣ። ዕቃውን በሣጥን ተሸክመን ወደ ባዶው ቦታ ወረድን። የመጀመሪያውን ሳህን የሰበሩት አባባ ናቸው። ድንጋዩ ላይ ሲያፈርጡት ከሦስተኛው ፎቅ አንድ ሰው «ማዛል ቶቭ!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን አባቴ ሰበረ፤ ከማዶ ሕንፃ «ማዛል ቶቭ!» አሉ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። በቤታችን ዕብራይስጥ ቶሎ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ምን ይላሉ?»

«እንኳን ደስ ያላችሁ ነው የሚሉት አባባ።»

ፊታቸው በራ። «አያችሁ! እነዚህም ያውቁታል! አንድ ሕዝብ ነን ስላችሁ!»

በዚህ አገር ሙሽራ ብርጭቆ እንደሚሰብርና፣ ከዚያ የተነሣ አንድ ሰው ስኒ ሲያመልጠው እንኳ ያየው ሁሉ «ማዛል ቶቭ» እንደሚል ያወቅነው ብዙ ቆይተን ነው። ያን ጠዋት ግን መላው ቂርያት መላኪ ከእኛ ጋር የሚያከብር መሰለን። ብርቄ ሰበረች፣ እኔ ሰበርኩ፣ የጎረቤት ልጆች ተራ ያዙ፤ በረንዳው ሁሉ ሰው ሆነ፤ ሳህን በወደቀ ቁጥር እልልታውና ጩኸቱ ቀለጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ያውቅ ይሆን? አላውቅም። የመጨረሻዋ ስኒ ስትደቅ እናቴ እጇን አራገፈችና «በሉ፣ ያላ፣ እንጨት!» አለች። «ያላ»፣ ቶሎ በሉ የሚለውን የዚህን አገር ቃል ያኔ ገና መልመዷ ነበር።

አዲሶቹን ዕቃዎች ደርድራ በብርቱካን እንጨት ሸፈነቻቸው። እሳቱ ተያያዘ። እኛ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ጥቂት ቆየና ከእሳቱ ውስጥ «ጧ!» አለ። እናቴ ቀና አለች። «ጧ!» አለ እንደገና። ከዚያ ሁለት ሦስቱ ተከታትለው ፈነዱ፤ ስባሪው ከፍም ጋር ተረጨ። ከጎረቤት ልጆች አንዱ ጨዋታው የቀጠለ መስሎት «ማዛል ቶቭ!» ብሎ ጮኸ።

ማንም አልሳቀም።

እሳቱ ሲበርድ ከዐሥራ አራቱ አንድ እንኳ ሙሉ አልወጣም። እናቴ ትኩሱን ስባሪ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ወደ ብርሃን አቀረበችው። በቀዩ ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ነጫጭ ጠጠር ነበረበት። አሸዋውም ብዙ ነው። «አፈሩ ክፉ አይደለም» አለች ቀስ ብላ፤ «አልተዋወቅንም እንጂ።» ከዚያ ፊቷን አዙራ ቆመች። ሃያ ሰው ሊመጣ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ሱቁ ተዘግቷል፤ የያቭኔዎቹ የመጨረሻውን አውቶቡስ ተሳፍረዋል። በቤታችን ውሃ የሚጠጣበት ስኒ እንኳ የለም።

አባቴ ጎረቤት እንለምን አለ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርሾ በነካው ዕቃ ፋሲካን አልበላም። እናንተ ብሉ፤ እኔ ጦሜን አድራለሁ።» ይህ ብቻ ቢሆን በተሻለ። ወደ በርሜሉ ሄደው ባልዲ ውሃ ደፉበት። ፍሙ ተንጫጫ፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። «ያ ተረት ነው ያሳተኝ» አሉ። «ሴቲቱም ድስቷም ኖረው ላይሆን ይችላል። ከእንግዲህ ‹ከየት መጣ› የሚባል ጨዋታ የለም። አርጅቻለሁ።»

የሳህኑ ነገር የእናቴ ጭንቀት ነበር። የእኔ ጭንቀት ይህ ሆነ። አይጧ፣ ፍየሎቹ፣ ገና ያልሰማኋቸው ሁሉ በዚያ እንፋሎት የተነኑ መሰለኝ። አባባን ልለምናቸው ፈለግሁ፤ እሳቸው ግን ባዶውን ባልዲ ይዘው ወደ ደረጃው አመሩ።

ደረጃውን ስንወጣ በሁለተኛው ፎቅ፣ ከእኛ በር ትይዩ፣ ጎረቤታችን ሶሊካ ቆማ ጠበቀችን። ከሞሮኮ የመጣች ጠና ያለች ሴት ናት፤ ስለ ጭሳችን ሁልጊዜ ከባሏ ጋር ታጉረመርም ነበር። ከጠዋት ጀምራ ሁሉን ከበረንዳዋ አይታለች። እግሯ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ የሞላበት ትልቅ ካርቶን ተቀምጧል።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፤ «መጀመሪያ ሠርግ መሰለኝ። ቀጥሎ ባልና ሚስት የተጣሉ መሰለኝ። ምን ሆናችሁ ነው?»

ባለችኝ አምስት ወር ዕብራይስጥ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ካርቶኑን በእግሯ ወደ አባባ ገፋችው። «ንገረው ለአያትህ፤ ይህን ይውሰድ።»

አባባ ካርቶኑን አላዩትም። «እርሾ ነክቶት እንደሆነ ጠይቃት።»

እርሾን በዕብራይስጥ ምን እንደሚሉት አላውቅም። «ዳቦ ተበልቶበታል ወይ ይላሉ» አልኩ።

ሶሊካ በቁጣ ደረቷን መታች። ዳቦ? በዚህ ሳህን? ይህ ሳህን ዓመቱን ሙሉ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ታስሮ የሚቀመጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ብቻ የሚወርድ ነው። የእናቷ ነው። ባሏ እንኳ በሌላ ቀን አይነካውም። እሷ በፍጥነት ትናገራለች፣ እኔ እየተንተባተብኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ አባቴና እናቴ አፌን ያያሉ። አባባ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ጋዜጣውን ገለጡ። ከላይ ያለው በመዶሻ የተቀጠቀጠ ሰፊ የመዳብ ገበታ ነበር። የመዶሻውን ምት በጣታቸው ዳሰሱ። ቀጥቃጭ ነዋ።

«ከየት መጣ በላት» አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። ጠየቅኋት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በእናቷ ከተማ በፋሲካ ሌሊት ገበታውን እንዳለ አንሥተው በየሰዉ ራስ ላይ ያዞሩታል፣ «በችኮላ ከግብጽ ወጣን» እያሉ ይዘምራሉ። ለምን ቢባል፣ እናቷ እንደነገረቻት፣ በዚያች ሌሊት አንዲት ሴት ገበታዋን የምትጠቀልልበት ጊዜ አጥታ፣ ምግቡን እንደ ያዘ በራሷ ላይ ተሸክማ ሮጠች፤ በመንገድ የደከመውን ሁሉ ጎንበስ እያለች አበላችው። እናቷም ወደዚህ አገር በመርከብ ስትመጣ ይህን ገበታ በጭኗ ላይ ይዛ ነው የመጣችው።

አባባ ገበታውን እንደያዙ አጠገቧ ተቀመጡ። «የእኛን ንገራት» አሉኝ። ድስቱን፣ ልጅቱን፣ ድንጋዩን ነገርኳት። «ሠረገላ» የሚለውን ቃል ስላጣሁት በእጄ ፈረስ ሆኜ አሳየኋት። ሶሊካ እስከ መጨረሻው ሰማችና ጭኗን መታ አድርጋ ሳቀች።

«በለው ለአያትህ፤ የእናንተዋ ሰብራ ወጣች፣ የእኛዋ ይዛ ወጣች። ሁለቱም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መንገድ! ጎረቤታሞች ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ይህን በችኮላ ተረጎምኩላቸው። አባባ ገበታውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ደረጃውን ሞላው። «ጎረቤታሞች!» አሉ። «እኔ እንዴት ይህን ሳላስበው! የሰበረችው ሴት ከባሕሩ ማዶ በምን በላች? ከጎረቤቷ ገበታ ነዋ!» ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ሳህኖቹን አስገቢያቸው።»

ያን ማታ የሁለቱ ቤቶች በሮች ተከፍተው አደሩ። የእኛ ሃያ፣ የእነሱ ዐሥራ ሁለት ሆነን፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንመላለስ ሶሊካ የመዳቡን ገበታ በየራሳችን ላይ እያዞረች ዘመረች። የያቭኔው አጎቴ ምን እንደሚደረግበት ስላላወቀ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አባባ ታደገ ግን ሻሻቸውን አስተካክለው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ገበታው በላዬ ሲያልፍ ነፋሱ ፀጉሬን ነካው።

ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ ከአባቴ ጋር ወደ ብርቱካኑ ገባሁ፤ እስካሁንም ኑሮዬ እዚያው ቀይ አፈር ላይ ነው። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ልጆቼ «አባ በቀን ዐሥር ቃል ነው ያለው» እያሉ ይቀልዱብኛል። በቤታችን ግን በየዓመቱ በፋሲካ ዋዜማ አንድ ሳህን ግቢ ወርደን እንሰብራለን፤ በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ «ማዛል ቶቭ» ይላል፤ ከዚያ ከልጆቹ አንዱ የጎረቤት በር አንኳኩቶ አንድ ገበታ ይዋሳል፤ ማታ በየራሳችን ላይ ይዞራል። የአጎቴ ልጆችም ያቭኔ ላይ ያደርጉታል፤ ገዴራ ያገቡትም ይዘውት ሄደዋል። ባለፈው ጊዜ ያቭኔ በተጠራሁበት ሠርግ አንድ ጎበዝ ጎረምሳ ይህ ልማድ ከቤተ መቅደስ ዘመን ጀምሮ በጎንደር የነበረ ነው ብሎ አስረዳኝ። አመስግኜው ወደ ምግቤ ዞርኩ።

ዘንድሮ ግን ትንሿ ልጄ ደብተር ይዛ እርሻው ድረስ መጣች። የቤተሰባችሁን አንድ ልማድ ከየት እንደመጣ ጽፋችሁ አምጡ ተብለዋል።

«አባ፣ የሳህኑ ነገር ከኢትዮጵያ ነው ከሞሮኮ? መምህሯ ከሁለት አንዱን ጻፊ አለችኝ።»

«ከሁለተኛው ፎቅ ነው» አልኳት።

«አባ! በቁም ነገር እኮ ነው!»

የዛፍ መከርከሚያውን መቀስ አስቀምጬ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳትና አወራሁ። ዐሥሩ ቃል አለቀ፣ የሚቀጥለው ሳምንትም ድርሻ አለቀ፣ እኔ አላቆምኩም። ስለ ወንፊቱና ስለ ወናፉ የምለው የሰማሁትን ብቻ ነው፤ እዚያ አልነበርኩም። እዚህኛው ላይ ግን ነበርኩ። የሳህኑን ድምፅ ሰምቻለሁ፣ የእናቴን ፊት አይቻለሁ፣ ሁለቱን የተረት ሴቶች ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ያሻገርኳቸው እኔ ነኝ። ምናልባት የልማድ ሁሉ መነሻ እንዲህ ይሆናል እላለሁ፤ አንድ ሰው በሰው ፊት ተሳስቶ ያፍራል፣ አንድ ጎረቤት በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ የልጅ ልጆች ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል።

ልጄ ሳትንቀሳቀስ ሰማችኝ። ስጨርስ እርሳሷን አንሥታ ባዶውን ገጽ አየችው።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ አባ?»

«እኛ ነን የጀመርነው ብለሽ ጻፊ» አልኳት።